ስለ ሶፍትዌር ሥራና ስለ ሠራተኞቹ ኅብረት

በሶሮ ወረዳ በጃጁራ፣ እንዲሁም በሆሳዕናና በዱራሜ ከተሞች የሚነግድ ሰው ሒሳቡን በቃሉና በደብተር ብቻ ይዞ የሚዘልቅበት ዘመን እያለፈ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስንዴና ባቄላ የሚሰበስበው፣ ቡላና ቆጮ ወደ አዲስ አበባ የሚልከው፣ ቆርቆሮና ሚስማር የሚያከፋፍለው፣ ከውጭ አገር የመጣ ጨርቅና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚቸረችረው ሁሉ የመጋዘኑን ገቢና ወጪ፣ የደንበኛውን ዱቤና ለግብር የሚያቀርበውን መዝገብ በኮምፒውተር ወይም በእጅ ስልክ ለመያዝ ይፈልጋል። ስለዚህም ሶፍትዌር የሚባለውን፣ ይኸውም ኮምፒውተሩ ምን እንዲሠራ የሚያዘውን የትእዛዝ ድርሰት፣ እንደ ማናቸውም ሸቀጥ በገንዘቡ ለመግዛት ወይም ለማሠራት ተነሥቷል።

ነጋዴ ጨርቅ ሲገዛ ክሩን በጣቱ ይፈትሻል፤ ስንዴ ሲገዛም የጆንያውን አፍ አይቶ አያምንም፣ በሹል ብረት ከመሀሉ ቆንጥሮ አውጥቶ ይመለከታል። ሶፍትዌር ሲገዛ ግን የሚያየው በመስተዋቱ ላይ የሚታየውን መልክና የተጠየቀውን ዋጋ ብቻ ነው። የሠሩት ሰዎች ስንት እንደ ሆኑ፣ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ከመካከላቸው አንዱ ቢሄድ ሥራውን ማን እንደሚረከብ የሚጠይቅ ገዢ እምብዛም አይገኝም። የዕቃው ጥራትና ዕድሜ የሚወሰነው ግን ከሁሉ አስቀድሞ በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

የሶፍትዌር ሥራ የብዙ ሰዎች አሳብ ተዋሕዶ የሚገኝበት ሥራ ስለሆነ፣ ጠባዩን ለማወቅ የሒሳብና የምህንድስና ትምህርት ብቻውን አይበቃም። የሰዎችን ኅብረት፣ የሥራ ክፍፍልን፣ ወግንና ደንብን የሚመረምረው የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት በዚህ ረገድ የሚሰጠው ትልቅ ብርሃን አለ። ጥናቱ ለላይኛው የመምህራን መከራከሪያ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ለባለ ሱቅ ግን ገንዘብ የሚያድን ዕውቀት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ሜልቪን ኮንዌይ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ ዳታሜሽን በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉን አስቀድሞ ለሐርቫርድ የንግድ መጽሔት ልኮት ነበረ፤ አዘጋጆቹ ግን አሳቡ በማስረጃ አልተረጋገጠም ብለው መለሱለት። የንግድ ሰዎች መጽሔት ያልተቀበለው ይህ አሳብ ዛሬ በጸሐፊው ስም ሕግ ተብሎ ይጠራል። አሳቡም አንድ ድርጅት የሚነድፈው ነገር ሁሉ የድርጅቱ ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መስመር መልክ ይይዛል የሚል ነው። ኮንዌይ ካመጣቸው ምሳሌዎች አንዱን መጥቀስ ይበቃል። ስምንት ሰዎች ኮቦልና አልጎል የተባሉትን ሁለት የኮምፒውተር ቋንቋዎች የሚተረጉሙ ሁለት ፕሮግራሞች እንዲሠሩ ታዘዙ፤ አምስቱ ለኮቦል፣ ሦስቱ ለአልጎል ተመደቡ። ሥራው ሲፈጸም የኮቦሉ ተርጓሚ በአምስት ደረጃ፣ የአልጎሉ በሦስት ደረጃ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። የደረጃዎቹን ቁጥር የሠራተኞቹ ቁጥር ወስኖት ነበር ማለት ነው።

አስመጪና ላኪ የሆነ አንባቢ ይህን ነገር ከቅርብ ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ከመምጣቱ በፊት፣ አንድን ጭነት ከወደብ ለማስገባት ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችን አንድ በአንድ ደጅ መጥናት ያስፈልግ ነበር። ያንኑ ወረቀት ለየመሥሪያ ቤቱ ደጋግሞ ማቅረብ የተለመደ ነበረ። አዲሱ አገልግሎት እነዚህን መሥሪያ ቤቶች በአንድ በኩል ለማገናኘት ታስቦ የተሠራ ነው። መስኮቱ አንድ ሊሆን የሚችለው ግን ከመስኮቱ ኋላ ያሉት ሰዎች በእርግጥ ሲነጋገሩ ብቻ መሆኑ ግልጽ ነው። ሁለት ክፍሎች የማይነጋገሩ ከሆነ ነጋዴው አንዱን ጥያቄ በመስተዋቱ ላይ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ቀድሞ በእግሩ ይዞር የነበረው ዛሬ በጣቱ ይዞራል። ኮንዌይ የተናገረው ይህንኑ ነው።

በትንሽ ሱቅም ነገሩ ያው ነው። የጃጁራ አከፋፋይ የመጋዘኑን መዝገብ ለአንድ ወጣት፣ የሽያጩን መዝገብ ለሌላ ወጣት አሠርቶ፣ ሁለቱ ወጣቶች ተገናኝተው የማያውቁ ከሆነ፣ መጋዘኑ በካርቶን ይቆጥራል፣ ሽያጩ በነጠላ ይቆጥራል፤ በወሩ መጨረሻ ባለቤቱ ራሱ ሁለቱን ለማስታረቅ እስክሪብቶና ወረቀት ይዞ ይቀመጣል። ባለቤቱ ወጣቶቹን ሰነፎች ናቸው ብሎ ይወቅስ ይሆናል፤ ጉድለቱ ግን እርሱ ራሱ ያላገናኛቸው በመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከአገር ልማድ የመጣ ስሕተት መታረም ይገባዋል። በአገራችን የኅብረት ሥራ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ደቦ ነው። ለአጨዳ፣ ለቤት ክዳን፣ ለእርሻ ጎረቤት ይጠራል፤ ሰው በበዛ ቁጥር ሥራው ፈጥኖ ያልቃል። ስለዚህም ያሠራው ፕሮግራም የዘገየበት ነጋዴ ወይም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ወዲያው የሚያመጣው መፍትሔ ሰው መጨመር ነው። ይህ መፍትሔ በሶፍትዌር ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት ያመጣል።

ፍሬድሪክ ብሩክስ የተባለው አሜሪካዊ አይ.ቢ.ኤም. ለተባለው ኩባንያ ኦ.ኤስ. 360 የተባለውን ትልቅ ሶፍትዌር የማሠራት ኃላፊነት የነበረበት ሰው ነው። ሥራው እጅግ ዘገየ፤ ሰው ቢጨመርም አልፈጠነም። ብሩክስ ከዚያ ያገኘውን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ሲያስረዳ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን የባሰ ያዘገየዋል አለ። ምክንያቱም ሒሳብ ነው። ሦስት ሰዎች እርስ በርሳቸው ለመነጋገር ሦስት መስመር ይበቃቸዋል፤ አምስት ሲሆኑ መስመሩ 10 ይሆናል፤ ዐሥር ሲሆኑ 45፣ ሃያ ሲሆኑ 190 ይደርሳል። አዲስ የመጣውንም ሰው ማስተማር ያለበት ያው ሥራ የበዛበት ነባሩ ሠራተኛ ነው።

የሐዲያና የከምባታ ሰው ይህን ለመረዳት አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ በጓሮው ያለው እንሰት ያስተምረዋል። እንሰት ሲፋቅ ሴቶች ተጠራርተው ይመጣሉ፤ እያንዳንዷ የያዘችውን ትፍቃለች፤ ዐሥር ሴቶች ከአምስት ሴቶች ይልቅ ፈጥነው ይጨርሳሉ። ይህ ደቦ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የተፋቀው በቅጠል ተጠቅሎ ጉድጓድ ይገባል፤ እስኪብላላም ጊዜ ይፈልጋል። በጉድጓዱ ዙሪያ መቶ ሴቶች ቢቆሙ ቆጮው አንድ ቀን አይቀድምም። ጊዜው ሳይደርስ የሚከፍተው ሰው የሚያገኘው ጥሬ ነገር ነው፤ እንዲያውም አየር ያበላሸዋል። የሶፍትዌርም ሥራ እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። የዕቃዎችን ስምና ዋጋ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት መፋቅ ነው፤ ለዚህ ሰው ቢጨመር ይጠቅማል። ሥራው እንዴት እንደሚታሰብ፣ የዱቤው ሕግ ምን እንደ ሆነ፣ የተመለሰ ዕቃ እንዴት እንደሚመዘገብ በጥቂት ሰዎች አእምሮ ውስጥ ተዋሕዶ እስኪበስል ድረስ ያለው ግን መብላላት ነው። የሚያሠራው ሰው የትኛው ሥራ ፍቂያ፣ የትኛው ብላሎ እንደ ሆነ ለይቶ ቢያውቅ፣ ገንዘቡንም ትዕግሥቱንም በቦታው ያውል ነበር።

ፈረንሳዊው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1893 ባወጣው መጽሐፉ ይህን ልዩነት በሌላ መንገድ አስቀምጦት ነበር። ሰዎች ተመሳሳይ ሥራ ስለሚሠሩና ተመሳሳይ እምነት ስላላቸው የሚተባበሩበት ኅብረት አለ፤ የተለያየ ሥራ ስለሚሠሩና አንዱ ያለ ሌላው መኖር ስለማይችል የሚተባበሩበት ኅብረትም አለ። ደቦ የፊተኛው ነው። ነጋዴው፣ መጋዘን ጠባቂው፣ ሒሳብ ሠራተኛውና ፕሮግራም ጸሐፊው የሚሠሩት ኅብረት ግን የኋለኛው ነው፤ ይህም በመልካም ጉርብትና ብቻ አይጸናም፣ ግልጽ ውል ይፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ በዚህ አውራጃ ነጋዴ ላይ ጉዳት የሚያመጣው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ዴንማርካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ፒተር ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጽሑፍ አንድ እንግዳ የሚመስል አሳብ አቀረበ። ፕሮግራም የሚባለው በጽሕፈት የተቀመጠው ትእዛዝ አይደለም፤ ዋናው ነገር በሠሪዎቹ አእምሮ ውስጥ ያለው አስተያየት ነው፣ ይኸውም እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንዲህ እንደ ተደረገና ከዓለሙ ጉዳይ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ማወቅ ነው አለ። ለዚህም ያየውን ምሳሌ ተረከ። አንድ ቡድን ጥሩ የሆነ ተርጓሚ ፕሮግራም ሠራ፤ ሌላ ቡድን ፕሮግራሙን ሊያስፋፋው ፈልጎ ሙሉውን ጽሑፍና ማብራሪያ ተረከበ። ሁለተኛው ቡድን ችሎታ ያላቸው ሰዎች የነበሩበት ነው፤ ሆኖም የሚያቀርቡት ማሻሻያ ሁሉ የፕሮግራሙን ዋና ጉልበት የሚያፈርስ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ግን ጉድለቱን ወዲያው እያዩ ቀላል መንገድ ያሳዩአቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያዎቹ በሌሉበት ፕሮግራሙ በጥገና ብዛት መልኩን አጣ። ናውር ይህን የፕሮግራም ሞት ይለዋል፤ ወረቀቱ ሁሉ በእጅ ሳለ የሚሞት ሞት ነው።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከሆሳዕናና ከአካባቢው ወረዳዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ወጣት ብዛት የታወቀ ነው። በዚያ ሱቅ ከፍተው ወይም ዕቃ እያዞሩ የሚነግዱ፣ ለቤተሰባቸው ገንዘብ የሚልኩ፣ በላኩት ገንዘብ በሆሳዕና ሕንፃ ያሠሩ ጥቂቶች አይደሉም። መሄዳቸው ክፉ ነው ወይስ በጎ የሚለው ክርክር ሌላ ነው። ለሶፍትዌር ገዢ ግን ጉዳዩ እንዲህ ይሆናል። አንድ የጃጁራ ባለ ሱቅ፣ ለምሳሌ ያህል፣ ለአንድ ጎበዝ የሠፈሩ ልጅ ከፍሎ የዱቤና የመጋዘን ፕሮግራም አሠራ እንበል። ልጁ ብቻውን ሠራው፤ ጥሩም አድርጎ ሠራው። በዓመቱ ወንድሙ ከጆሃንስበርግ ጠራውና ሄደ። በማግሥቱ ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ በወሩም ይሠራል። የግብር ደንብ ሲለወጥ፣ ወይም ባለ ሱቁ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፍት፣ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ጌታው የሞተበት ቤት እንደ ሆነ ይታያል። ሌላ ወጣት ተጠርቶ ይመጣል፤ ጽሑፉን ያነበዋል፤ «ይህን ከመጠገን አዲስ ብሠራ ይሻላል» ይላል። እውነቱን ነው። ባለ ሱቁም ለአንዱ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ሁለተኛውም ብቻውን ከሠራው ሦስተኛ ጊዜ መክፈሉ አይቀርም።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በእቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዳኛው ሰውየውን ሌባ ነው ብሎ አይደለም ዋስ የሚያስጠራው፤ ሰው ይታመማል፣ ይሞታል፣ አገር ጥሎ ይሄዳል፤ ማኅበሩ ግን መቀጠል አለበት። በሶፍትዌር ሥራም ለእያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል ዋስ ሊጠራ ይገባል። ዋሱ ገንዘብ የሚከፍል አይደለም፤ ያንን ክፍል እርሱ ባይጽፈውም ለምን እንዲህ እንደ ተሠራ አጥርቶ የሚናገር ሁለተኛ ሰው ነው። ውሉም እንዲህ ቢጻፍ ይበጃል፤ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ አስቀድሞ ገዢው አንድ ትንሽ ለውጥ፣ ለምሳሌ በኩንታል ይቆጠር የነበረው ስንዴ በኪሎም እንዲቆጠር፣ ያዝዛል፤ ለውጡን የሚያደርገው ግን ያንን ክፍል የጻፈው ሰው ሳይሆን ዋሱ ይሆናል። ዋሱ በሰዓታት ውስጥ ከሠራው ዕውቀቱ በሁለት ራስ ውስጥ አድሯል። ሦስት ቀን ተቀምጦ ካልተሳካለት ክፍያው ይቆያል። ይህ ከጆንያው መሀል ቆንጥሮ እንደ ማየት ነው።

ሁለተኛው ነገር ሁሉም የሚነጋገርበት ወረቀት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ሁሉ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22ን ያውቃል፤ ፊተኛው ንብረት ገቢ የሚሆንበት፣ ሁለተኛው ወጪ የሚሆንበት ደረሰኝ ነው። ያንኑ አንድ ወረቀት ንብረት ክፍሉ ዕቃ መግባቱን ለማወቅ፣ ሒሳብ ክፍሉ ዋጋውን ለመመዝገብ፣ አስረካቢው ከኃላፊነት ለመውረድ፣ መርማሪው ጉድለት ለማግኘት ያነበዋል። አራቱም አንድ ዓይነት አስተያየት እንዲኖራቸው አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ግን ያገናኛቸዋል። ሱዛን ሊ ስታርና ጀምስ ግሪሰመር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን ዓይነቱን ነገር በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ስላለው የእንስሳት ሙዚየም ሲያጠኑ ገለጹት። ወጥመድ የሚያጠምዱት ሰዎች ለክፍያ ይሠሩ ነበር፤ ፕሮፌሰሩ ለሳይንስ ይሠራ ነበር፤ ገንዘብ የምትሰጠው ወይዘሮ የካሊፎርኒያን ተፈጥሮ ለመጠበቅ ትሻ ነበር። ሁሉንም ያስተባበራቸው እያንዳንዱ አጥማጅ የሚሞላው ቁርጥ ያለ ቅጽ ነበረ። አንድ ነጋዴ ፕሮግራም ከማሠራቱ በፊት የሱቁን ደረሰኝ፣ የዱቤ ደብተሩንና የመጋዘን ካርዱን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎቹና የሱቁ ሠራተኞች አብረው እንዲያነቡት ቢያደርግ፣ ከብዙ ሰዓት ወሬ ይልቅ ይጠቅመዋል። ጸሐፊዎቹ በዱቤ ደብተሩ ጠርዝ ላይ የተጫረችው ትንሽ ምልክት ምን እንደ ሆነች ይጠይቃሉ። ምልክቷም «ይህ ሰው ከመስቀል በፊት አይጠየቅ» ማለት ሆና ትገኝ ይሆናል፤ ያለዚያች ምልክት የተሠራ ፕሮግራም የባለ ሱቁን ደንበኛ ያስቀይማል።

ሦስተኛው ነገር ይሉኝታ ነው። ወጣቱ ፕሮግራም ጸሐፊ በአባቱ ዕድሜ ያለ ነጋዴ ሲያዘው «እሺ ጋሼ» ይላል፤ የማይቻል ነገር ቢታዘዝም እሺ ይላል። ነጋዴውም በበኩሉ የቀረበለት ሥራ ሳይገባው «አልገባኝም» ማለት ያፍራል። የመጋዘን ጠባቂዋማ፣ ጉድለቱን ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው እርስዋ ሆና ሳለች፣ ከቶ አትጠየቅም። ሆላንዳዊው ሆፍስቴድ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 የአይ.ቢ.ኤም. ሠራተኞች ከሰጡት መልስ ተነሥቶ አገሮችን በአለቃና በምንዝር ርቀት ሲመዝን፣ ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር በአንድ ላይ ጨፍልቆ ምሥራቅ አፍሪካ በሚል ስም 64 ቁጥር ሰጣት። የአንድ የውጭ ኩባንያ ሠራተኞች የሰጡት መልስ አራት አገር ተጨፍልቆበት ስለ ጃጁራ ሱቅ ብዙ ይናገራል ማለት አይቻልም፤ የሐዲያ ሽማግሌዎች በጉባኤ ተቀምጠው ታናሹ ሳይቀር እስኪናገር የሚያዳምጡበት ወግ በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። ይልቅስ ያንን የጉባኤ ወግ ወደ ሥራ ቦታ ማምጣት ይሻላል። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ሁሉም ይቀመጡ፤ መጀመሪያ የምትናገረው የመጋዘን ጠባቂዋ ትሁን፤ ባለቤቱ በመጨረሻ ይናገር። ባለቤቱ አስቀድሞ ከተናገረ ሌላው የሚለው ነገር አይኖረውም።

ተጠቃሚውን ከሠሪው ጋር ማስቀመጥ አዲስ ግኝት አይደለም። በኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ክሪስተን ኒጎርድ ከተባለው ሊቅ ጋር ሆኖ፣ ወደ ፋብሪካ የሚገባው ኮምፒውተር እንዴት መሆን እንዳለበት ሠራተኞቹ ራሳቸው አጥንተው እንዲናገሩ አደረገ። ከዚህ የስካንዲኔቪያ ልማድ ከተወለዱት አንዱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የጤና መረጃ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 በደቡብ አፍሪካ ተጀምሮ ወደ ብዙ አገር ተስፋፋ። ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለውን የዚህን ሥራ ሶፍትዌር የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ተቀብሎታል። ይህ ሶፍትዌር የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር አለው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ጳጉሜንን የማያውቅ ፕሮግራም ግን የአምስቱን ወይም የስድስቱን ቀን ሽያጭ የት እንደሚያገባው አያውቅም፤ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን መጀመሩን ያልሰማ ሠሪ የነጋዴውን የዓመት ሒሳብ በተሳሳተ ቦታ ይዘጋዋል፤ «ማታ ሁለት ሰዓት» የተባለውንም ሽያጭ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይጽፈዋል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚናገር ሰው ከቡድኑ መካከል ካልተቀመጠ፣ ሊቅ ቢሆንም ሩቅ ያለ ሠሪ ከቶ አይደርስበትም።

ሠራተኛ ከየት ይገኛል ለሚለው፣ በሆሳዕና ያለው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ወጣቶችን ያስመርቃል፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ትምህርትም በእጅ ስልክ ሳይቀር ፕሮግራም መጻፍን ያስተምራል። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ብቻውን ከመስተዋት ፊት ተቀምጦ የተማረ ሰው የቡድን ሥራ ያውቃል ማለት አይደለም። ጂን ሌቭና ኤቲየን ዌንገር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ከተነተኗቸው ምሳሌዎች አንዱ የላይቤሪያ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። በዚያ ለማጅ የሚጀምረው ከመጨረሻው፣ ከቁልፍና ከዘምዘማ ነው፤ ከዚያ ወደ ስፌት፣ በመጨረሻም ወደ ቅድ ይሻገራል። ቁልፍ ቢያበላሽ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ እስከዚያው ግን የሙሉው ልብስ አሠራር በዓይኑ ይገባል። በጃጁራ በረንዳ ላይ መኪና ዘርግቶ የሚሰፋ ሰውም ለማጁን ጨርቅ አስቀድሞ አያስቀድደውም። አዲስ የተመረቀውንም ወጣት በመጀመሪያው ወር የሱቁን ፕሮግራም ሁለንተና ንደፍ ከማለት፣ ደረሰኝ የሚታተምበትን ትንሽ ክፍል እንዲያበጅና ቆጠራ በሚደረግበት ሌሊት ከመጋዘን ሠራተኞች ጋር እንዲያድር ማድረግ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ባለ ሱቅ ብቻውን የሚቻል አለመሆኑ አይካድም። ሦስት ሰው ሁለት ዓመት ለመቅጠር የሚበቃ ገንዘብ ያለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ንግድ ያላቸው ሰዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ቡድን ቢያቋቁሙ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው አንድ ወጣት ከመቅጠር ይልቅ ይተርፋቸዋል። በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ነጋዴ የዕቃውን ብዛትና የገዛበትን ዋጋ ለጎረቤቱ ማሳየት አይፈልግም፤ መብቱም ነው። ነገር ግን በአንድ ወፍጮ ቤት የሚያስፈጭ ሰው ሁሉ የራሱን ጆንያ ይዞ ይመጣል፣ የራሱን ዱቄት ይዞ ይመለሳል። ወፍጮው የጋራ ሲሆን እህሉ የጋራ አይደለም። ፕሮግራሙ የጋራ ሆኖ መዝገቡ ለየብቻ በየሱቁ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል፤ ይህም በውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ መጻፍ አለበት። ከቡድኑ አንዱ የአንዱን ነጋዴ መዝገብ ለሌላው ቢገልጥ የሚከፍለው ካሣም አብሮ ይወሰን።

ለዚህ ዓይነቱ ውል በአካባቢው የተዘጋጀ ስምና ልማድ አለ። በአማርኛ ሴራ ሲባል ተንኮል ይመስላል፤ በሐዲያና በከምባታ ዘንድ ግን ሴራ ማለት ሰው በአንድነት የሚተዳደርበት ደንብ ነው፤ ያጠፋ የሚቀጣበት፣ የተበደለ የሚካስበት፣ በችግር ቀን ማን ምን እንደሚያዋጣ የሚታወቅበት ነው። ለፕሮግራሙ ቡድንም ሴራ ይጻፍለት፤ ማን የትኛውን ክፍል እንደሚሠራ፣ ለየክፍሉ ዋሱ ማን እንደ ሆነ፣ የሚሄድ ሰው ከስንት ወር በፊት ማስታወቅና ማንን አስተምሮ መሄድ እንዳለበት፣ ከየሱቁ የትኛው ሠራተኛ ለሳምንቱ ስብሰባ እንደሚላክ ይወሰንበት። የሚሄደውን ወጣት መከልከል አይቻልም፤ አስተምሮ ሲሄድ ግን የመጨረሻውን ወር ደመወዝ በእጥፍ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል። ይህም ወጪ አዲስ ፕሮግራም ከማሠራት ወጪ ጋር የሚወዳደር አይሆንም።

በመስቀል ሰሞን በአዲስ አበባና በሌላም ከተማ የሚነግዱ የአካባቢው ተወላጆች ለያሆዴና ለመሳላ ወደየቤታቸው ስለሚመለሱ፣ ለእንዲህ ያለው ምክር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። በቅድሚያ አምስት ወይም ስድስት ባለ ሱቆች ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆኑ ለመጀመሪያው ዓመት ንግግሩ ይበዛል። እያንዳንዱም የአንድ ወር የዱቤ ደብተሩን ግልባጭ፣ የደንበኞቹን ስም ሸፍኖ፣ ይዞ ቢመጣ ሥራው በዚያው ቀን ሊጀመር ይችላል።